በጨዋማ ምድር ኩሬ ውስጥ ከልክ ያለፈ ብዛት ስለሚያመጣው ጉዳት

በዚህ ዓለም የሚሠራ ሥራ ሁሉ ልክና መጠን አለው። ገበሬ ዘሩን እጅግ አሳስቶ ቢዘራ ምድሪቱ ባዶዋን ትቀራለች፤ እጅግ አጠቅጥቆ ቢዘራ ደግሞ ቡቃያው እርስ በርሱ ተናንቆ አገዳው ይቀጥናል፣ ፍሬውም ይመነምናል። እረኛም በጠባብ በረት ብዙ ከብት ያጐረ እንደ ሆነ አንዲቱን የያዘው ደዌ ሌሎቹን ሳይነካ አይቀርም። ይህ አባቶቻችን በእርሻና በከብት ርቢ ሲያውቁት የኖሩት ነገር ነው። ዛሬ የምንጽፈው ይኸው ሕግ ከባሕር ርቆ በተቈፈረ የጨው ውኃ ኩሬ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሕጉንም የዘነጋ ሰው ምን ያህል ኪሣራ እንደሚያገኘው ለመግለጥ ነው።

ሽሪምፕ የሚባለው፣ ባለ ብዙ እግርና ባለ ስስ ቅርፊት የሆነው የውኃ እንስሳ፣ በእኛ አገር ልማድ ከምግብ የማይቈጠር ቢሆንም በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሕንድም ይህን እንስሳ ወደ ውጭ ከሚሸጡት አገሮች በግንባር ቀደምትነት ከሚቈጠሩት አንዷ ናት። ዛሬ በኩሬ በብዛት የሚረባው ዐይነት ነጭ እግር የተባለው ሲሆን፣ ትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ እስከ ፔሩ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው። የሕንድ መንግሥት ይህ ዐይነት በአገሩ ለንግድ እንዲረባ የፈቀደው በ2009 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አንባቢ «ባሕር በሌለበት ምድር ይህን እንስሳ ምን አመጣው?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። መልሱ በመስኖ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በሰሜን ሕንድ፣ በሃርያናና በፑንጃብ ክፍለ ግዛቶች፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ትልልቅ የመስኖ ቦዮች ስለ ተሠሩ ደረቁ ምድር ስንዴና ጥጥ፣ በኋላም ሩዝ የሚያበቅል ሆነ። ነገር ግን ወደ እርሻው ለሚገባው ውኃ መውጫው በብዙ ስፍራ አልተዘጋጀለትም ነበርና፣ ከምድር በታች ያለው ጨዋማ ውኃ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ እያለ መጣ። ፀሐይም ውኃውን በመጠጠችው ጊዜ ጨዉ በምድሩ ፊት ላይ ቀረ። በመላው ሕንድ በዚህና በመሰሉ ምክንያት የተበላሸው መሬት 6.7 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደ ሆነ ይገመታል። ስንዴ ያበቅል የነበረ እርሻ ነጭ አፈር ለብሶ የቀረበት ባላገር፣ መሬት እያለው መሬት እንደሌለው ሰው ሆነ።

እንግዲህ የመካከለኛው የዓሣ ሀብት ትምህርት ተቋም በሮህታክ ባለው የምርምር ጣቢያው ያደረገው ሙከራ፣ እህል የነሣው ይህ ጨዋማ ውኃ ሽሪምፕ ሊያኖር እንደሚችል አሳየ። ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህም በሃርያና በሮህታክ፣ በሂሳርና በሲርሳ፣ በፑንጃብም በፋዚልካና በሙክትሳር ኩሬዎች እየተቈፈሩ ሥራው ተስፋፋ። በ2020 የተጀመረው የሕንድ መንግሥት የዓሣ ሀብት ዕቅድም ለሥራው ከሚወጣው ገንዘብ ለሌላው ሰው 40 በመቶ፣ ለሴቶችና በሕግ ለተዘረዘሩት የተገፉ ወገኖች 60 በመቶ ድጎማ እንዲሰጥ ወሰነ። የሞተን መሬት ሕያው የሚያደርግ ሥራ ነውና ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ይሁን እንጂ ሥራው ከተስፋፋ በኋላ የሁሉም መሠረት የሆነ አንድ ጥያቄ ተነሥቶአል። ይኸውም፦ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት የሽሪምፕ ጫጩት ይለቀቅ? የሚል ነው። በ2005 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሕንድ የባሕር ዳር የውኃ እርሻ ባለሥልጣን ለነጭ እግሩ ሽሪምፕ በአንድ ካሬ ሜትር ከ60 እንዳይበልጥ ደንግጎአል። ነገር ግን የዚህ ባለሥልጣን ግዛት፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ የባሕሩ ዳርቻ ነው፤ ቁጥሩም የተወሰነው ባሕርን በአጠገቡ አድርጎ ለሚሠራ ሰው ነው። በውስጥ አገር ያለው ገበሬ ይህን ቁጥር እንደ መነሻ አድርጎ የያዘው እንደ ሆነ፣ የሌላ ሰው ልብስ እንደ ለበሰ ይሆናል።

ገበሬው ቁጥሩን እንዲያበዛ የሚገፋፉት ነገሮች ብዙዎች ናቸው። አንደኛው የአየሩ ጠባይ ነው። ይህ እንስሳ ደኅና ሆኖ የሚያድገው ውኃው ከ26 እስከ 32 ዲግሪ ሲሞቅ ነው፤ የሰሜን ሕንድ ክረምት ግን ብርቱ ስለ ሆነ ሥራው ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ የተወሰነ ነው። በዓመት የተሰጠው ጊዜ አጭር መሆኑን ያየ ገበሬ ትርፉን ሁሉ በአንድ ምርት ለመሰብሰብ ይሻል። ሁለተኛው የገበያው ነገር ነው። በ2025 በነሐሴ ወር የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በሕንድ ዕቃዎች ላይ የጣሉት ቀረጥ እስከ 50 በመቶ ደርሶ ነበር፤ አሜሪካም ለሕንድ ሽሪምፕ ዋነኛይቱ ገበያ ነበረች። የአንዱ ኪሎ ትርፍ ሲያንስ «እንግዲያውስ ኪሎውን አበዛለሁ» ማለት ለሰው ልብ ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ አሳብ የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለውን ያስታውሳል።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን በቁጥር እናስረዳ። አንድ ሄክታር ኩሬ በካሬ ሜትር 60 ጫጩት ቢለቀቅበት በጠቅላላው 600 ሺሕ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 80 በመቶው ቢተርፍና እያንዳንዱ 20 ግራም ቢመዝን ምርቱ 9,600 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ሽሪምፕ ለማሳደግ አንድ ተኩል ኪሎ ያህል መኖ ያስፈልጋልና መኖው 14,400 ኪሎ ይደርሳል። በዚህ መኖ ውስጥ ካለው ናይትሮጂን የእንስሳው ሥጋ የሚሆነው ሢሶው ወይም ከዚያ ያነሰው ነው፤ የቀረው ፋንድያና የተበተነ ፍርፋሪ ሆኖ በዚያው ውኃ ውስጥ ይቀራል። ቁጥሩ 30 ቢሆን መኖውም ጥራጊውም በእኩሌታ ይቀንሳል። እንግዲህ ጫጩት የሚጨምር ሰው የሚያበዛው እንስሳውን ብቻ እንዳይመስለው፤ ጥራጊውንም በዚያው ልክ ያበዛል።

የመጀመሪያው ጉዳት የሚታየው በእስትንፋስ ነው። ሽሪምፕ ደኅና ሆኖ እንዲኖር በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ4 ሚሊግራም የማያንስ ኦክሲጅን ያስፈልገዋል። ቀን በውኃው ላይ ያለው አረንጓዴ ነገር በፀሐይ ኀይል ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ሌላው ተንፋሽ ይሆናልና ሊነጋጋ ሲል ውኃው ከሁሉ ይልቅ ድኻ ይሆናል። የበሰበሰው ጥራጊም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በግንቦትና በሰኔ የዚያ አገር ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ጊዜ ደግሞ፣ የሞቀ ውኃ ኦክሲጅን የመያዝ ኀይሉ ያነሰ ስለ ሆነ ችግሩ ይበረታል። ለዚህ መድኃኒቱ ውኃውን እየመታ አየር የሚያስገባ መቅዘፊያ መኪና ነው። በልምድ እንደ ታወቀው አንድ የፈረስ ጉልበት ከ400 እስከ 500 ኪሎ ለሚመዝን ሽሪምፕ ይበቃል። ስለዚህ ከላይ የቈጠርነው 9,600 ኪሎ ከ20 የፈረስ ጉልበት የማያንስ መኪና ይፈልጋል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ኀይል በሌሊት ለጥቂት ሰዓት ቢቋረጥ፣ በጥቂቱ የተለቀቀበት ኩሬ እስኪነጋ ሊታገሥ ይችላል፤ የተጨናነቀው ግን ከመንጋቱ በፊት ሊያልቅ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት መርዝ ነው። ከጥራጊው የሚወጣው አሞኒያ ውኃው ሲሞቅና ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ መርዝነቱ ይጨምራል። አሞኒያው ሲለወጥ የሚገኘው ናይትራይት ደግሞ በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ ገብቶ እንስሳውን ያዳክመዋል። በባሕር ውኃ ውስጥ ያለው ብዙ ጨው የናይትራይቱን መግቢያ ስለሚሻማው ጉዳቱን ያበርድለታል፤ ጨውነቱ ባነሰ የውስጥ አገር ኩሬ ግን ይህ ጋሻ ቀጭን ነው። በባሕር ዳር ቀላል የሆነው ጥፋት በዚህ ከባድ የሚሆነው ስለዚህ ነው። በኩሬው ወለል የተከማቸው ጥቁር ጭቃም እንደ ተበላሸ ዕንቍላል የሚሸት መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ ሽሪምፕም የሚኖረው በወለሉ ላይ ነውና ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው እርሱን ነው።

ሦስተኛውና ለውስጥ አገር ኩሬ ልዩ የሆነው የማዕድን ጕድለት ነው። የጕድጓድ ውኃ ጨዋማ ስለ ሆነ ብቻ የባሕር ውኃ ነው ማለት አይደለም። በባሕር ውኃ አንድ ሊትር ውስጥ ከ380 እስከ 400 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም ይገኛል፤ በሃርያናና በፑንጃብ ምድር ውስጥ ያለው ጨዋማ ውኃ ግን ካልሲየሙ ብዙ ሲሆን ፖታሲየሙ እጅግ ጥቂት ነው። ሽሪምፕ በሰውነቱ ያለውን ጨው የሚያመዛዝነው በፖታሲየም ርዳታ ስለ ሆነ፣ ይህ የጐደለበት እንደ ሆነ እድገቱ ይቆማል፣ ይደክማል፣ ይሞታልም። በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ግዛት ከጕድጓድ በሚወጣ ጨዋማ ውኃ የሚያረቡ ገበሬዎችም ይኸው ደርሶባቸው፣ ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ለእርሻ ማዳበሪያ የሚውለውን ፖታሽ በኩሬው መጨመር መፍትሔ ሆኖ ተገኝቶአል። የዘርፉ ሊቃውንት የሚሰጡት መለኪያ፣ በሊትር ያለውን የጨው ግራም በ10.7 ማብዛት ነው፤ ስለዚህ በሊትር 10 ግራም ጨው ያለው ኩሬ 107 ሚሊግራም ፖታሲየም ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን የኩሬው ጭቃ ፖታሲየሙን ስለሚስበው አንድ ጊዜ ጨምሮ መተው አይበቃም። ማዕድኑ በጐደለበት ውኃ ብዙ እንስሳ ማጐር፣ እንጀራው ባነሰበት ቤት እንግዳ ማብዛት ነው።

አራተኛው የደዌ መተላለፍ ነው። ሽሪምፕ እንዲያድግ ቅርፊቱን እየጣለ አዲስ ቅርፊት ያበቅላል፤ አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ ለስላሳና መከላከያ የሌለው ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስፍራው የጠበበበት ጓደኛው ይበላዋል። የታመመውንና የሞተውንም ይበላል፤ ደዌውም ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሻገርበት ዋና መንገድ ይህ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በምሥራቅ እስያ ተነሥቶ በ1994 ሕንድ የገባው ነጭ ነጥብ የተባለው የቫይረስ በሽታ፣ ምልክቱ ከታየ ከ3 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ኩሬውን በሙሉ ሊጨርስ ይችላል። በ2009 በታይላንድ ተለይቶ ስም የተሰጠው ጥቃቅን ጥገኛ ተሕዋስ ደግሞ ወዲያው አይገድልም፤ ምግብ የሚያልምበትን ጕበት መሰል ብልት ይዞ እድገቱን ያቆመዋል። ገበሬው መኖ ሲያበላ ይከርማል፣ እንስሳው ግን አይጨምርም። የዚህ ተሕዋስ ዘር በፋንድያ ይተላለፋል፣ በጭቃውም ውስጥ ተሸሽጎ ይቈያል። ቁጥሩ በበዛ መጠን እያንዳንዱ የሌላውን ፋንድያና ሬሳ የሚያገኝበት ዕድል ይበዛል።

እዚህ ላይ በቅንነት የሚቀርብ ተቃውሞ አለ። አንዳንዶች «ደዌውን የሚያመጣው የታመመ ጫጩት እንጂ ብዛት አይደለም፤ በቂ መኪናና ብልሃት ያለው ሰው ብዙ ቢያረባ ምን ይጐዳዋል?» ይላሉ። የተናገሩት በከፊል እውነት ነው። ብዛት ብቻውን ደዌ አይፈጥርም፤ ንጹሕነቱ በምርመራ የተረጋገጠ ጫጩት፣ በቂ አየርና የተዘጋጀ ውኃ ያለው ሰው ከጎረቤቱ አብልጦ ሊያኖር ይችላል። ነገር ግን ብዛት ለእሳት እንደ ደረቅ ሣር ነው፤ ፍንጣሪው ከየትም ቢመጣ ቃጠሎው የሚሰፋው በእርሱ ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ መሣሪያ ያለው ሰው ጥቂት ሲሆን፣ ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ የሚከተለው ብዙ ነው። ጭንቀት ሲበዛ መድኃኒት መበተን ይመጣል፤ የተከለከለ መድኃኒት ምልክት የተገኘበት ጭነትም በአውሮፓና በአሜሪካ ወደብ እንደሚመለስ የታወቀ ነው።

ትርፉንም ቢሆን በጥሞና ቈጥረን እንመልከተው። ለምሳሌ 60 የለቀቀው ሰው ደዌ ነክቶት ግማሹ ብቻ ቢተርፍለትና 15 ግራም ቢመዝን 4,500 ኪሎ ያገኛል። 30 የለቀቀው ሰው 80 በመቶው ተርፎለት 25 ግራም ቢመዝን 6,000 ኪሎ ያገኛል፤ ትልቁ ሽሪምፕም በኪሎ የሚያወጣው ዋጋ ይበልጣል። በሥራው ከሚወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉ ወይም የሚበልጠው ለመኖ ነውና፣ መኖ በልቶ የሞተ እንስሳ ድርብ ኪሣራ ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ የገበሬው ጥፋት በገበሬው ብቻ ቢቀር መንግሥት ጣልቃ መግባት ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን በውስጥ አገር ያለው ኩሬ ጥራጊውን የሚቀበልለት ባሕር የለውም። ያደፈውን ጨዋማ ውኃ ወደ ቦይ ወይም ወደ ጎረቤት እርሻ ቢለቀው የሌላውን ሰው ስንዴና ሩዝ ያጠፋል፤ ደዌ ካለበትም የታችኛውን ኩሬ ይበክላል። በዚያው ኩሬ ቢያስቀረው ደግሞ ፀሐይ ውኃውን እየመጠጠች ጨዉም ጥራጊውም ይጠነክራል። ታይላንድ በ1998 ንጹሕ ውኃ ባላቸው የውስጥ አውራጃዎች የሽሪምፕ ርቢን የከለከለችው ጨዉ የሩዝ እርሻዋን እንዳያበላሽ ፈርታ ነው። የታይዋንም ታሪክ የሚያስተምር ነው፤ በ1987 በዓለም የታወቀው የሽሪምፕ ምርቷ፣ ኩሬዎቹ ተጨናንቀው፣ ውኃቸውም አድፎ ደዌ በገባበት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ዓመት እጅግ ወደቀ። እነዚህ ሁለቱ አገሮች ከጥፋት በኋላ የተማሩትን፣ ሃርያናና ፑንጃብ ከጥፋት በፊት ሊማሩት ይችላሉ።

ስለዚህ የክፍለ ግዛቶቹ ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባው ነገር ግልጥ ነው። አንደኛ፣ የሚለቀቀው ቁጥር ለሁሉ አንድ እንዳይሆን፣ በእያንዳንዱ ኩሬ ውኃ ማዕድን፣ ባለው የመኪና ጉልበትና ጥራጊ ውኃ በሚያጠራቅምበት ጕድጓድ ስፋት ልክ እንዲፈቀድ ያስፈልጋል፤ ከእነዚህ አንዱ የጐደለበት ሰው ቁጥሩን ይቀንስ። ሁለተኛ፣ ድጎማው ለመቈፈሪያ ብቻ ሳይሆን ውኃና ጫጩት ለሚመረመርበት ቤት ጭምር ይሰጥ፤ ገበሬ ውኃውን ለማስመርመር ሩቅ አገር መሄድ ካለበት ሳያስመረምር መልቀቁ አይቀርምና። ሦስተኛ፣ ሹም ሪፖርት ሲያቀርብ የተለቀቀውን ጫጩትና የተቈፈረውን ሄክታር ብቻ አይቍጠር፤ ከተለቀቀው ስንቱ በሕይወት እንደ ደረሰም ይጻፍ። የተዘራውን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ የታጨደውን ይሸሽጋል።

ይህ ነገር ለእኛም የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ፣ በአሚባራ ወረዳ፣ መስኖ የጠጣ የጥጥ እርሻ የከርሰ ምድር ውኃው ከፍ ብሎ በጨው የተጐዳበት፣ የተተወም መሬት ያለበት ስፍራ አለ፤ መነሻውም የሃርያናው ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሽሪምፕ እናርባ የሚል አይደለም። ትምህርቱ በመጀመሪያ ውኃ የሚያስገባ ሰው ውኃ የሚያስወጣበትን አስቀድሞ ያዘጋጅ የሚል ነው። ሁለተኛም፣ ቈሮሶ የተባለውን ዓሣ ወይም ሌላ እንስሳ በኩሬ ለማርባት የሚነሣ መሥሪያ ቤትና ማኅበር፣ «ስንት እንልቀቅ?» ከማለቱ በፊት «ይህ ውኃ ስንት ይችላል?» ብሎ ይጠይቅ የሚል ነው።

ኩሬ አፍ የለውም፤ በዛብኝ ብሎ አይናገርም። የሚናገረው በሞተው እንስሳ ነው፤ በዚያን ጊዜም ምክር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ልኩን ሳይደርቅ በርጥቡ መወሰን የባለኩሬውም የሹሙም ግዴታ ነው።